ዓይን ተከድኖ፣ አንጎል ነቅቶ፦ ስለ ተመስጦና ስለ ንቃተ ህሊና በጎንደር የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአብነት መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ይህን ምሽት ለዚህ ጉዳይ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የምናገረው ስለ ተመስጦ ነው። ሰው ረግቶ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ልቡን በአንድ ነገር ላይ ሲያሳርፍ አንጎሉ ውስጥ ምን ይካሄዳል? ያ አንድ ነገር የራሱ እስትንፋስ ሊሆን ይችላል፤ ደጋግሞ የሚለው የጸሎት ቃል ሊሆን ይችላል፤ ቅዱስ ሥዕል ወይም የጧፍ ብርሃንም ሊሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ባነሳሁ ቁጥር ከሁለት መልስ አንዱን እሰማለሁ። አንዳንዱ ሰው «ተመስጦ ማለት አንጎልን ማሳረፍ፣ ምንም አለማሰብ ነው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ሽቦውን ይዞ ምን ይሠራበታል?» ይላል። ሁለተኛውን አከብረዋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ግን ልክ አይደለም። በተመስጦ ያለ ሰው አንጎል ሥራ አያንሰውም። የሚለወጠው የሥራው ዓይነት ነው፤ ለውጡም ይለካል።

ነገሩን ከአንጎል ወጪ እንጀምረው። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። በውስጡ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉት። ከባድ ሒሳብ ስንሠራ ወጪው እጥፍ የሚሆን ይመስለናል፤ የሚጨምረው ግን በጣም ጥቂት ነው። ሥራ ፈትተን ጣራ ጣራ ስናይ የሚወስደውና ስንጨነቅ ስንጠበብ የሚወስደው ተቀራራቢ ነው። ታዲያ ሥራ በፈታንበት ሰዓት ያን ሁሉ ኃይል ምን ላይ እያዋለው ነው?

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ማርከስ ራይክልና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሲመረምሩ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። በአንጎል መካከለኛ መስመር ላይ፣ አንዱ ከግንባር ጀርባ፣ ሌላው ወደ ኋላ ገባ ብሎ የሚገኙ ክፍሎች ሰው ሥራ ሲሰጠው ይቀዘቅዛሉ፤ ለራሱ ሲተው ደግሞ ይነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ ይህን የአንጎል ልማድ ስም ሰጥተው አስተዋወቁት። እኔ ዛሬ «የዕረፍት ጊዜ መረብ» እለዋለሁ። ዕረፍት ይባል እንጂ ያርፋል ማለት አይደለም። የዚህ መረብ ዋና ጉዳይ «እኔ» ነው። ትናንት የተናገረኝ ነገር ምን ማለቱ ነው? የቤት ኪራዩን ከየት አመጣለሁ? ልጄ ለምን ዘገየች? እንዲህ ብዬ ብመልስለት ኖሮስ? ያለፈውን ያወጣል፣ የሚመጣውን ይፈራል፣ ሰው ስለ እኔ ምን ይላል እያለ ያሰላስላል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ እሱ ዕቅድም፣ ትዝታም፣ ይሉኝታም አይኖረንም። ችግሩ ሳንጠራው መምጣቱና ሲበቃን አለመሄዱ ነው።

ምን ያህል እንደሚመጣም ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ለ2,250 አዋቂዎች በእጅ ስልካቸው በኩል በየመካከሉ መልእክት እየላኩ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህስ የት ነው?» እያሉ ጠየቁ። መልስ ከተሰጠባቸው ጊዜያት 47 በመቶ ያህሉ ላይ የሰውየው ሐሳብ ከሚሠራው ሥራ ጋር አልነበረም። ሰዎቹ ሐሳባቸው ሲባዝን ደስታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ጥሩ ነገር ሲባዝን እንኳ በሚሠሩት ላይ ከመገኘት የበለጠ ደስታ አልሰጣቸውም። እኔ ይህን ቁጥር ሳነብ የታየኝ የሚቆጠረው ዕድሜያችን ነው። ቁርስ ቀርቦ፣ ልጅ እያወራን፣ ቅዳሴ ቆመን፣ ከግማሽ ትንሽ የሚያንሰው ጊዜ እኛ እዚያ የለንም።

አሁን ወደ ተመስጦ እንምጣ። ስለ ጉዳዩ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። በአትላንታ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው፤ የተሳተፉት 14 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በተመስጦ የቆዩ። የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኤምአርአይ ውስጥ አስተኝተው «እስትንፋሳችሁን ተከተሉ፤ ሐሳባችሁ እንደሄደ ባወቃችሁ ቁጥር ቁልፉን ተጫኑ፤ ከዚያ ወደ እስትንፋሳችሁ ተመለሱ» አሏቸው። ሌላ ምንም አልተጠየቁም።

የዚህ ጥናት ብልኀት ቁልፉ ላይ ነው። ቁልፉ የተጫነበት ቅጽበት «ሄጄ ነበር» ብሎ ሰውየው ያወቀበት ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ጥቂት ሰከንዶች የባዘነባቸው ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የሚመለስባቸውና የሚረጋባቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹ የአንጎሉን ሥራ በዚህ መሠረት ከፋፍለው አዩት። ሰውየው ሲባዝን የነቃው ያ የዕረፍት ጊዜ መረብ ነው። «ሄጃለሁ!» ያለበት ቅጽበት ላይ ሌላ መረብ ነቃ፤ ይህኛው ከሰውነት ውስጥም ሆነ ከውጭ ከሚመጣው ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባውን የሚለይ ነው። ሲመለስ ከግንባር ጎንና ከአንጎል ላይኛው ክፍል ያሉት፣ ትኩረትን የሚያዞሩት ክፍሎች ተረከቡ። እስትንፋሱ ላይ ሲረጋም የግንባሩ ጎን ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ እንደገና ይባዝናል፤ እንደገና ያውቃል፤ እንደገና ይመለሳል።

ይህ ለምን ዋጋ አለው? በተመስጦ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚማረርበት ነገር አንድ ነው፤ «ልቤ አልሰበሰብ አለኝ» ይላል። ጥናቱ የሚያሳየው ያ መባዘንና መመለስ ራሱ ሥራው መሆኑን ነው። አንጎል የሚለማመደው እዚያ ላይ ነው። ለ20 ደቂቃ ሳይባዝን የሚቀመጥ ሰው አይጠበቅም፤ በጥናቱ ውስጥ ያሉት ብዙ የተለማመዱትም ደጋግመው ቁልፉን ተጭነዋል።

በቃል ብቻ ከማልፈው አብረን እንሞክረው። ጀርባችሁን ቀና አድርጉ። ዓይናችሁን መክደን የምትፈልጉ ክደኑ፤ የማትፈልጉ መሬት እዩ። አየሩ በአፍንጫችሁ ጫፍ ሲገባ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሲወጣ ሞቅ ይላል፤ እሱን ብቻ ተከታተሉ። አታስረዝሙት፣ አታሳጥሩት። ሐሳባችሁ ከሄደ፣ መሄዱን እንዳወቃችሁ ሳትቆጡ መልሱት። ሁለት ደቂቃ እንቆይ።

(በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ሆነ።)

አመሰግናለሁ። ከእናንተ መካከል አንድ ጊዜ እንኳ ሐሳቡ ያልሄደበት ካለ እጁን ያውጣ። ማንም የለም። መሄዱን ያላወቀስ? እሱም የለም። ያ «አወቅሁ» የሚለው ቅጽበት ነው ዛሬ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው። ያወቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ ማንም አልነገራችሁም።

ልምምዱ ሲከማች ምን ይሆናል? ጁድሰን ብሩወርና ባልደረቦቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ብዙ የተለማመዱትን ከጀማሪዎች ጋር አወዳድረው ነበር። ሦስት ዓይነት ተመስጦ አስደረጓቸው። በሦስቱም የተለማመዱት ሰዎች የዕረፍት ጊዜ መረብ ዋና ዋና ክፍሎች ከጀማሪዎቹ ይልቅ ዝግ ብለው ተገኙ። ከዚያም በላይ፣ በዚያ መረብና ትኩረትን በሚቆጣጠሩት ክፍሎች መካከል ያለው ግንኙነት ጠንከር ያለ ነበር፤ ይህም በተመስጦ ላይ ሳሉ ብቻ ሳይሆን ዝም ብለው ባረፉበትም ጊዜ ታይቷል። አሳቡ ሲነሳ የሚያየውም አብሮ ይነሳል ብላችሁ ውሰዱት።

እስካሁን ያወራነው ስለ ትኩረት ነው። ለጎንደር ሰው ግን ከዚህ የሚቀርበው ሌላው ጉዳይ ነው፤ እስትንፋስና ዜማ።

ሁለት ጣታችሁን በእጅ አንጓችሁ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፉና የደም ሥራችሁን ምት ፈልጉ። አሁን ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ልብ ብላችሁ ከተከታተላችሁት አየር ስታስገቡ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል፤ ስታስወጡ ትንሽ ይዘገያል። በወጣቶች ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታወቃል። ይህ ሕመም አይደለም፤ የጤነኛ ልብ ጠባይ ነው። ልብን የሚያረጋጋው፣ ቬገስ የሚባለው ከአንጎል ግንድ የሚወርድ ነርቭ፣ አየር ስናስወጣ ይበረታል፤ ስናስገባ ላላ ይላል። እንግዲህ የሚወጣውን እስትንፋስ ያስረዘመ ሰው ልቡ የሚረጋበትን ጊዜ አስረዘመ ማለት ነው።

አሁን የሚወጣውን እስትንፋስ በጣም የሚያስረዝመው ምንድን ነው? ማዜም ነው። በጣሊያን ሉቺያኖ በርናርዲ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ2001 መርምረውታል። 23 ጤነኛ አዋቂዎች፣ የኦርቶዶክስ ምዕመናን «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ብለው ከሚያደርሱት ጋር የሚቀራረበውን «አቬ ማሪያ» የሚባለውን የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን እንዲደግሙ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የቲቤትን የጸሎት ቃል እንዲደግሙ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ አተነፋፈሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ አለ። ማንም «በደቂቃ ስድስት ጊዜ ተንፍሱ» አላላቸውም፤ የጸሎቱ ርዝመት ራሱ አመጣው። በዚያ ፍጥነት ላይ ደግሞ የደም ግፊት በተፈጥሮው በየ10 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ከሚልበት ዑደት ጋር እስትንፋሱ ይገጥማል፤ ልብ የግፊቱን ለውጥ ተከትላ የምታስተካክልበት ችሎታም ይጨምራል። ሁለት የማይተዋወቁ ሃይማኖቶች፣ ሁለት የማይገናኙ ቋንቋዎች፣ አንድ እስትንፋስ ላይ ተገናኙ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

አሁን እዚሁ ጎንደር ወዳለችው በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ልውሰዳችሁ። የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚከናወነው የዝማሬ ትምህርት ማስመስከሪያ እሷ ናትና ከመላው አገሪቱ ተማሪ ይመጣባታል። መቋሚያውን ይዞ የቆመ ደቀ መዝሙር ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ቁም ዜማው አለ፤ ያለ ከበሮ፣ በድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ወደዚህና ወደዚያ ቀስ ብሎ ይዘማል፤ ሰውነቱም አብሮት ያዘነብላል። መረግዱ ሲደርስ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋቱ ይፈጥናል። በዚህ ሁሉ መካከል ያ ተማሪ የቃሉን ምስጢር፣ የዜማውን ምልክት፣ የእጁን እንቅስቃሴና የባልንጀሮቹን ድምፅ በአንድነት ይዟል። አንዲት ፊደል በረጅም ዜማ ተስባ ስትሄድ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይወጣል፤ አጭር አየር ይስባል፤ እንደገና ይወጣል። ይህን የሚያደርገው በሌሊት ነው፤ ሰዓት ቆሞ፣ ጾም ውሎ። ሐሳቡ ለአንድ ቅጽበት ቢሄድ መቋሚያው ከሌሎቹ ይለያል፤ ስለዚህም ወዲያው ያውቃል። በኤመሪው ጥናት ቁልፍ የሠራውን ሥራ እዚህ መቋሚያው ይሠራዋል።

በከተማዋ የሙስሊሞች ሰፈር፣ በአዲስ ዓለም በኩል ደግሞ ዚክር አለ። ስም እየተደጋገመ፣ ተስቢህ እየተቆጠረ፣ ድምፅና እስትንፋስ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ወደ ሰሜን ወጣ ስትሉ ዋልድባ አለ፤ አባቶች በአርምሞ የሚኖሩበት። በዚህ ምድር ላይ የቤተ እስራኤል መነኮሳትም ነበሩ፤ በአይሁድ ታሪክ ውስጥ ምንኩስና ብርቅ ስለሆነ ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ታሪክ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። የሚያምኑት የተለያየ ነው፤ የሚያነሱት ስም የተለያየ ነው። ትኩረትን የመሰብሰብ ጥበብ ግን በሁሉም ዘንድ ለዘመናት ተሠርቶበታል።

እስትንፋስ ከአንጎል ንቃት ጋር በምን እንደሚያያዝም መንገዱ እየታወቀ ነው። በአንጎል ግንድ ውስጥ የአተነፋፈስን ምት የሚያመነጭ ትንሽ የሴሎች ስብስብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ከእነዚህ ሴሎች መካከል ጥቂቶቹ ቀጥታ መልእክት የሚልኩት አንጎልን ወደሚያነቃውና ወደሚያስደነግጠው ማዕከል እንደሆነ ታየ። እነዚያ ጥቂት ሴሎች ሲወገዱ አይጦቹ መተንፈሳቸውን ሳያቋርጡ ረጋ ያሉ ሆኑ። ስንደነግጥ እስትንፋሳችን እንደሚፈጥን ሁላችንም እናውቃለን፤ መንገዱ በተቃራኒውም እንደሚሠራ ያሳያል ማለት ነው።

ስለ አንጎል ሞገድ ደግሞ ብዙ ይወራልና አጠር አድርጌ ላቅርበው። ሃንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በወጣትነቱ በውትድርና ሥልጠና ላይ ከፈረስ ወድቆ ሊሞት ሲል፣ በሩቅ ያለች እህቱ አደጋ እንደደረሰበት ታውቋት አባቷን ቴሌግራም አስላከች ይባላል። በርገር ከአንጎል ወደ አንጎል የሚሄድ ኃይል አለ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ፈለገ። ያን አላገኘውም፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ግን ከሰው ራስ ቅል ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ በ1929 አሳተመው። ዛሬ ኢኢጂ የምንለው እሱን ነው። ዓይናችንን ስንከድንና ስንዝናና በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመታ አልፋ የሚባል ሞገድ ከራሳችን በስተኋላ ይነሳል፤ ዓይን ስንገልጥ ይከስማል። እንቅልፍ ሲጀምረን ቴታ፣ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ዴልታ የሚባሉ ዘገምተኛ ሞገዶች ይመጣሉ።

ኢኢጂ የሚያሳየውንና የማያሳየውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የጥምቀት ዕለት ከፋሲል መዋኛ አጥር ውጭ እንደቆመ ሰው ነው። ሕዝቡ በአንድነት ሲያዜም ይሰማል፤ ዝም ሲል ይታወቀዋል፤ እልልታው ከየት በኩል እንደመጣም ይገምታል። እዚያ ውስጥ ያለች አንዲት እናት ምን ተስላ ምን እየለመነች እንደሆነ ግን ከአጥሩ ውጭ አይሰማም። የአንጎል ሞገድ የብዙ ሺህ ሴሎች የአንድነት ድምፅ ነው። «በዚህ መሣሪያ ሐሳብህን አነባለሁ፤ የመንፈስ ደረጃህን እነግርሃለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩት።

ይህን ልብ ብለን፣ በጃፓን ካሳማትሱና ሂራይ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙትን እንይ። ዜን የሚባለውን የቡድሃ ወግ የሚከተሉ መነኮሳትን በተመስጦ ላይ እያሉ ለኳቸው። ዓይናቸው ገለጥ ብሎ ሳለ አልፋ ታየ፤ ዘመን ያስቆጠሩት ላይ ደግሞ ቴታ ጭምር። ተኝተው ይሆን? ለማወቅ ድምፅ አሰሟቸው። ተራ ሰው አንድን ድምፅ ደጋግሞ ሲሰማ አንጎሉ ይለምደውና ምላሹ ይደክማል። የመነኮሳቱ ምላሽ ግን ሃያ ጊዜ ቢደጋገምም እንደ መጀመሪያው ነበር ተባለ። በሕንድ ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ በ1961 የተለኩ ዮጊዎች ለድምፅም ለብርሃንም ምንም ምላሽ አልሰጡም ተብሎ ነበር። ውብ ታሪክ ነው፤ ብዙ መጻሕፍትም ይጠቅሱታል። ይሁን እንጂ በ1981 ሌሎች ተመራማሪዎች በተሻለ ቁጥጥር ሲደግሙት ልዩነቱን አላገኙትም። ውብ ስለሆነ ብቻ ልንይዘው አይገባም።

የበለጠ የጸናው ሪቻርድ ዴቪድሰንና አንትዋን ሉትዝ በዊስኮንሲን ማዲሰን ያገኙት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከ10 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰዓት በተመስጦ ያሳለፉ ስምንት የቲቤት ወግ ተከታዮችን ከ10 ተማሪዎች ጋር አወዳደሩ። ለፍጥረት ሁሉ ርኅራኄን እንዲያሳድሩ ሲጠየቁ፣ ጋማ የሚባለው ፈጣን ሞገድ በነባሮቹ አንጎል ውስጥ እጅግ ጎልቶ፣ በተራራቁ ክፍሎችም ተስማምቶ ታየ። «አንጎል ማሳረፍ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል። ስምንት ሰው ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ ከልምምዱ ይምጣ ወይም ቀድሞም እንደዚያ ያሉ ሰዎች ይሁኑ ጥናቱ ብቻውን አይለይም። ሰዎቹ ግን ዓይናቸውን አርግበው ዝም ባሉበት ሰዓት አንጎላቸው በሙሉ ኃይሉ ይሠራ ነበር።

ይህ ወደ ንቃተ ህሊና ያደርሰናል። ሐኪሞች ንቃተ ህሊናን በሁለት በኩል እናየዋለን። አንደኛው መንቃት ነው፤ ሁለተኛው ማወቅ። በከባድ እንቅልፍና በማደንዘዣ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። በሕልም ሰውነት ተኝቶ ሳለ ማወቁ ሥራ ይጀምራል። ከአደጋ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው፣ እንቅልፍና ንቃት እየተፈራረቀባቸው፣ ምንም የማወቅ ምልክት የማያሳዩ ሕሙማንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 አድሪያን ኦወን የሚባል ተመራማሪ በእንግሊዝ አንዲት የ23 ዓመት ወጣት ሴት፣ እንዲህ ሆና የተኛችን፣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብቶ «ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ» አላት። እንቅስቃሴን የሚያሰናዳው የአንጎሏ ክፍል ነቃ። «በቤትሽ ውስጥ ስትዘዋወሪ አስቢ» ሲላት ቦታን የሚያውቀው ነቃ፤ ልክ እንደ ጤነኞቹ። ልጅቱ ትሰማ ነበር። እኔ በሕክምና ትምህርት ካነበብኳቸው ሁሉ ይህን ያህል ያስደነገጠኝ የለም። ሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆመን «አይሰማም» ብለን የምንናገረውን ሁሉ እንድንመዝን ያስገድደናል፤ አስታማሚ ቤተሰብም እጁን ይዞ ማውራቱን እንዳይተው።

በተመስጦ የሚደረስበት ሁኔታ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። መንቃቱ ሙሉ ነው፤ የሚታወቀው ነገር ግን ይቀንሳል፤ ሐሳብ ይሳሳል፤ «እኔ» የሚለው ድምፅ ይርቃል፤ አንዳንዶች ጊዜና ቦታ እንደጠፋባቸው ይናገራሉ። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ከ15 የካቶሊክ የቀርሜሎስ ማኅበር መነኮሳዪያት ጋር በተደረገ ጥናት ከአምላክ ጋር አንድ የሆኑበትን ሰዓት ሲያስታውሱ የነቁት የአንጎል ክፍሎች ብዙ ነበሩ፤ «የአምላክ ቦታ» የሚባል አንድ ነጥብ አልተገኘም። አስቀድሜ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። አንጎል ውስጥ የታየ ነገር ሁሉ «አንጎል የፈጠረው» ማለት አይደለም። ግራር ሳይም የአንጎሌ የማየት ክፍል ይነቃል፤ ግራሩ ግን በደጅ አለ። መነኮሳዪያቱ ያገኙት ምንድን ነው የሚለውን ኤምአርአይ አያጸድቀውም፣ አይሽረውምም። ሐኪሙ ሽቦውን ይዞ የሚመጣው ያን ለመፍረድ ከሆነ በእርግጥ ቦታውን ስቷል።

ስለ ጥቅሙም ከልክ በላይ እንዳንናገር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሳራ ላዛር በ20 የቆዩ ሰዎች ላይ፣ በ2011 ደግሞ ባልደረቦቿ ለ8 ሳምንት በሠለጠኑ ሰዎች ላይ የአንጎል አካል ራሱ ይወፍራል፣ ያድጋል የሚል ውጤት አውጥተው ዓለም ሁሉ አወራው። በ2022 ግን ከ200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የተሻለ ጥናት በ8 ሳምንት ሥልጠና እንዲህ ያለ የአካል ለውጥ አላገኘም። የጋዜጣው ርዕስ ከመጀመሪያው ጋር ቀረ። ጸንቶ የቆየው መካከለኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የ47 ሙከራዎችን ውጤት የሰበሰበ ጥናት ተመስጦ ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም ስሜት መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ከመድኃኒትና ከአካል እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ብሄድ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሱባኤ፣ ጾምና ሌሊቱን ሙሉ መቆም ለጤነኛ ሰው የጸና ልምምድ ነው። ቀደም ሲል የአእምሮ ሕመም ለነካው፣ ስሜቱ በየጊዜው ከልክ በላይ ለሚነሳሳበት፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማ ሰው ግን እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ብቻውን ረጅም ሱባኤ አይግባ፤ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ መንቀጥቀጡ ሳያቋርጥ ተከታትሎ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። እባካችሁ፣ አባቶች፣ ይህን እናንተ ስትናገሩት ከእኔ ይልቅ ይሰማል። ክኒኑን ይውሰድ፤ ጸበሉንም ይጠመቅ። በሁለቱ መካከል ጠብ የለም።

ከጠቀስኳቸው ጥናቶች ውስጥ አንድም የጎንደር ሰው የለም። የቡድሃ መነኮሳት አሉ፣ የካቶሊክ መነኮሳዪያት አሉ፣ የአሜሪካ ሠራተኞች አሉ። ይህች ከተማ ግን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ናት፤ የአቋቋም ጉባኤዋም እዚያው በእግር በሚደረስበት አለ። ሁለቱ ተቀራርበው አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ እወዳለሁ። የማስበው ጥናት ትልቅ ገንዘብ አይፈልግም። ገና የጀመሩ የአቋቋም ተማሪዎችና ዓመታት ያስቆጠሩት ይኑሩበት፤ ለማወዳደር ደግሞ ያንኑ ቃል ያለ ዜማ የሚያነቡ። በቁም ዜማ፣ በዝማሜና በመረግድ ላይ እስትንፋስ በደቂቃ ስንት ጊዜ ነው? የልብ ምቱስ እንዴት ይከተለዋል? ለዚህ ሰዓትና የልብ ምት መመዝገቢያ ይበቃል፤ ኢኢጂው ቆይቶ ይመጣል። ምን ይለካ፣ መቼ አይለካ የሚለውን መምህራኑ ይወስኑ፤ በቅዳሴ ሰዓት ማንም መሣሪያ ይዞ አይገባም። ተማሪው ተጠይቆ፣ ፈቅዶ፣ ሲፈልግ ትቶ ይሄዳል። ውጤቱም በመጀመሪያ የሚነገረው ለእነሱ፣ በአማርኛ ነው።

ከሕክምናው ወገን የልብ ምት መመዝገቢያና ሰው የማቀርበው እኔ ነኝ። ከጉባኤ ቤት ወገን የሚያስተባብር መምህር እፈልጋለሁ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ካላችሁ ከጥያቄና መልሱ በኋላ በፊት ለፊት በር በኩል እጠብቃችኋለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ እንጀምር።